ተቆርጦ የሚመለስ የፈረስ ዕጢ፦ በጅምር ከመነካካት ባይነካ ይሻላል

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከአዊ ነው። ፈረሴ ዳማ ይባላል፤ ሰባት ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከግራ ብብቱ ሥር፣ የኮርቻው ጠፍር ከሚያልፍበት ጎን፣ ባቄላ የምታክል እባጭ ወጣችበት። የወረዳችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቆርጦ ጣለልኝ፤ ቁስሉም ደረቀ። በአራተኛው ወር ያው ቦታ ላይ ሎሚ አክሎ ተመለሰ። ጎረቤታችን ማጭድ አግሎ ተኮሰው። ሁለት ወር ሳይሞላ እንደ አበባ ጎመን ፈንድቶ፣ እየደማ፣ ብርቱካን አክሎ ወጣ። አሁን አንገቱ ላይ ፀጉር የሌላቸው ሁለት ክብ ሻካራ ቦታዎች አሉ፤ ከቀኝ ዐይኑ በላይ ደግሞ አንዲት ጠንካራ ፍሬ በቅላለች። ሰው ሁሉ ‹ነቀርሳ ነው፣ ደሙ ውስጥ ገብቷል፣ ለልጆችህም ይተላለፋል፣ ሽጠው ወይም አስወጣው› ይለኛል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ቅባት ልላክልህ ብሎኛል። ላስቆርጠው ወይስ ልተወው? ለጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ላወጣውስ እችላለሁ? አባቴ ከመሞቱ በፊት የገዛልኝ ፈረስ ነው፤ በቁሙ ለጅብ አልሰጠውም።»

ምላሽ፦ የገለጹት ሁሉ ወደ አንድ በሽታ ይመራል፤ ሳርኮይድ ይባላል። ከብብት ሥር መጀመሩ፣ በተነካ ቁጥር ብሶ መምጣቱ፣ በአንድ ገላ ላይ ሦስት ዐይነት መልክ መያዙ፣ ፈረሱ ግን እስካሁን መኖውን እየበላ መቆሙ የዚህ ዕጢ ጠባይ ነው። በዓለም ላይ የፈረስን፣ የበቅሎንና የአህያን ቆዳ ከሚይዙ ዕጢዎች በብዛት የሚታየው ይህ ነው። መጠሪያውን ያገኘው በደቡብ አፍሪካ በ1936 እ.ኤ.አ. ሲሆን እስከ ዛሬ ድረስ «ይህ ብቻ ያድነዋል» የሚባል አንድ መድኃኒት የለውም። የሚያድኑ መንገዶች ግን አሉ። ጥያቄው የትኛው ዕጢ ላይ፣ መቼ፣ በማን እጅ የሚለው ነው።

በመጀመሪያ «ተመለሰ» የሚለውን ላርም። የዳማ ዕጢ ሄዶ አልተመለሰም፤ ከመጀመሪያውም ሙሉ በሙሉ አልወጣም ነበር። ሳርኮይድን የሚያስነሳው የከብት ኪንታሮት የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በላምና በጥጃ ላይ ተራ ኪንታሮት አውጥቶ በወራት ውስጥ ይለቃል። ፈረስ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ግን አዲስ ቫይረስ እያራባ አይወጣም፤ የቆዳውን ሕዋሳት ይይዝና ያለ ልክ እንዲበዙ ያደርጋቸዋል። ተመራማሪዎች ከዕጢው ዙሪያ ጤነኛ የሚመስለውን ቆዳ ሲመረምሩ፣ ከዕጢው ጠርዝ እስከ 16 ሚሊሜትር ርቆ የቫይረሱን ዘረመል አግኝተዋል። ዐይን የሚያየው እባጭ አንድ ነገር ነው፤ ሥሩ የደረሰበት ቦታ ሌላ ነው። እባጩን ብቻ ከግርጌው የሚቆርጥ ሰው ሙጃን በማጭድ እንዳጨደ ገበሬ ነው፤ ሜዳው ለጊዜው ይጠራል፣ ሥሩ ግን መሬት ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ቁስል ሲድን ሰውነት ሕዋሳቱን «ብዙ፣ ቦታውን ሙሉ» ብሎ ያዛል፤ የታመሙትም ይህንኑ ትእዛዝ ይሰማሉ። ማጭዱ ዕጢውን ያባባሰውም በዚህ ምክንያት ነው። የጋለው ብረት ላዩን አቃጠለው፣ ሥሩን አልደረሰበትም፣ ሰፊ ቁስል ግን ከፈተለት። ጎረቤትዎ የሚያውቁትን በቅንነት አድርገዋልና አይቀየሟቸው።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከትምህርት በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ባለጋሪ ፈረሱን አመጣልኝ። ደረቱ ላይ እንቁላል የምታክል ዕጢ ነበረችው፤ ጎኑ ላይ ደግሞ የሽቦ አጥር የቀደደው ቁስል። ዕጢውን አወጣሁ፤ በዚያው መቀስና መርፌ መያዣ የጎኑንም ቁስል ሰፋሁለት። ሰውየው መርቆኝ ሄደ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሲመለስ የደረቱ ዕጢ እጥፍ ሆኗል። ጎኑ ላይ ደግሞ ክሩ በገባባቸው ቀዳዳዎች ላይ ትንንሽ እባጮች እንደ ቦይ ዳር ችግኝ ተሰልፈዋል። ጣቴን እያስኬድኩ ቆጠርኳቸው፤ ስድስት ነበሩ። በገዛ መሣሪያዬ ዘርቼበት ነበር። ያ ሰው ልጆቹን የሚያሳድረው በዚያ ፈረስ ነው። ዛሬ ማንም ባለሙያ «ትንሽ ናት፣ ቶሎ ላንሳት» ሲል ስሰማ የሚታየኝ ያ የቀዳዳ ሰልፍ ነው።

ነቀርሳ ነው ወይ ላሉት፦ በቦታው ላይ የነቀርሳ ጠባይ አለው፤ ቆዳውንና ከሥሩ ያለውን ሥጋ እየወረረ ያድጋል። ነገር ግን እንደ ክፉ ነቀርሳ በደም ተጉዞ ሳንባና ጉበት ውስጥ ጎጆ አይሠራም። «ደሙ ውስጥ ገብቷል» የሚለው ስሕተት ነው። አንገቱ ላይና ዐይኑ አጠገብ የወጡት ከብብቱ በደም የተጓዙ ልጆች አይደሉም፤ የዳማ ቆዳ በተፈጥሮው ለዚህ ቫይረስ በሩን የከፈተ ስለሆነ በየቦታው የበቀሉ ናቸው። ይህ ተጋላጭነት በዘር የሚወረስ ነገር አለው። ስለዚህ ዳማ አውራ ከሆነ፣ ምንም ያህል መልከ መልካምና ፈጣን ቢሆን፣ ባዝራ እንዳያስጠቁበት። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ዕድሜ ውስጥ ነው፤ ዳማም የተያዘው በአምስት ዓመቱ ነው።

ልጆችዎን አይይዝም። ይህ ቫይረስ ሰውን አያሳምምም፤ ልጆቹ ዳማን ያቅፉት፣ ጋማውንም ያበጥሩለት። የሚደማውን ቦታ ብቻ አይንኩ፤ ያም ለዳማ ጤና ሲባል ነው። መጨነቅ ያለብዎት ስለ ጥጆችዎ ነው። በእኛ ደጋ ፈረሱ፣ ላሙና ጥጃው አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፣ በአንድ ገመድ ይታሰራሉ፣ አንድ የዝንብ መንጋ ይጋራሉ። በረትዎ ውስጥ አንገቱ ወይም ፊቱ ላይ ኪንታሮት ያወጣ ጥጃ መኖሩን ዛሬ ማታ በባትሪ ይመልከቱ። ካለ ከዳማ ጋር በአንድ ጋጥ አይደር፤ የጥጃው ገመድም ዳማ አንገት ላይ አይግባ። ቫይረሱን ከቁስል ወደ ቁስል ያደርሳል ተብሎ በጽኑ የሚጠረጠረው ዝንብ ነው፤ ዝንቦች ላይ የቫይረሱ ዘረመል ተገኝቷል። ዕጢው በብብት፣ በብሽሽት፣ በዐይን ዙሪያና በብልቱ አካባቢ፣ ማለትም ቆዳ በሳሳበትና ዝንብ በሚያርፍበት መብዛቱም ለዚህ ነው።

ለማንኛውም ባለሙያ ከማሳየትዎ በፊት ከሳርኮይድ ጋር የሚምታቱትን ይወቁ፤ ሕክምናቸው ተቃራኒ የሚሆንበት ጊዜ አለና። በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ የጋሪ ፈረሶችን የሚያሠቃየው የፈንገስ በሽታ፣ ኤፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይቲስ፣ እባጮቹን በእግር ወይም በአንገት ላይ እንደ መቁጠሪያ በገመድ መስመር ይደረድራቸዋል። እየፈነዱም መግል ያፈሳሉ፤ ከፈረስ ወደ ፈረስም በቀላሉ ይጋባል። እንደ እንጅባራ ባለ ብርዳም ከፍታ ላይ ብዙም አይገጥምም። የዳማ እባጮች ግን መስመር የላቸውም፣ መግልም የላቸውም። ሁለተኛው የሆድ ትል እጭ በዝንብ አማካይነት ቁስል ውስጥ ሲገባ የሚፈጠረው ቁስል ነው። እሱ ያሳክካል፣ ውስጡ ሩዝ የመሰለ ቢጫ ፍርፋሪ አለው፣ በአይቨርሜክቲንም ይሻለዋል። ሦስተኛው ከጉልበት በታች ቁስል ሲድን ከልክ በላይ የሚያድገው ቀይ ሥጋ ነው፤ ይህ ዕጢ አይደለም፣ ተቆርጦ ይድናል። ዐይን ውስጥ ወይም ብልት ላይ የሚወጣ፣ የሚሸትና የሚያቆስል ዕጢ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ ወደ ውስጥ የሚዛመት ክፉ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሳምንትም አይጠበቅም።

አምባላይ ወይም ግራጫ ፈረስ ያላችሁ አንባቢዎችም አትደናገጡ። ዕድሜ ሲገፋ ከጭራው ሥር፣ በፊንጢጣው ዙሪያና በከንፈሩ ላይ የሚወጣው ጥቁር ጠንካራ ፍሬ ሜላኖማ ነው። ዕድሜያቸው ከ15 ያለፈ ግራጫ ፈረሶች አብዛኞቹ ያወጡታል። የሚመጣው ፀጉራቸውን ከሚያነጣው የዘር ለውጥ ጋር ተያይዞ መሆኑ በ2008 እ.ኤ.አ. ታውቋል። እሱ ራሱን የቻለ ርእስ ነው፤ ዳማ ግን ቀለሙም ዕድሜውም እዚያ አያገባውም።

አሁን ወደ አማራጮቹ። ቢላዋ ብቻውን ለዳማ አይበቃም። በቢላዋ ብቻ የተወገዱ ሳርኮይዶች በብዙ ዘገባዎች ግማሽ ያህሉ፣ በአንዳንዱም ከዚያ በላይ ይመለሳሉ፤ አብዛኞቹም በስድስት ወር ውስጥ። ውጤቱ የሚሻሻለው ሐኪሙ ከዕጢው ጠርዝ ሁለት ሣንቲሜትር ያህል ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ ሲያወጣው፣ ዕጢውን በመሣሪያው ሳይነካ ዙሪያውን ሲዞር፣ ዕጢው ከወጣ በኋላ ጓንቱንና መሣሪያውን ቀይሮ ሲሰፋ ነው። ወረዳ ላይ ያለ ባለሙያ ይህን ሁሉ አሟልቶ የማያገኘው በብልሃት ማነስ አይደለም፤ መሣሪያው፣ ማደንዘዣውና ረዳቱ አይገኝለትም። በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝም ይሠራል፤ ዕጢው ደጋግሞ እየበረደና እየቀለጠ ሕዋሳቱ ይሞታሉ። ግን ለትንንሾቹ ነው የሚመቸው፤ ዐይን አጠገብ ሲሆን ደግሞ የለመደ እጅ ያስፈልገዋል። ግንዱ ቀጭን ሆኖ ለተንጠለጠለ ዕጢ ጠባብ የጎማ ቀለበት ይታሰራል። የዳማ ዕጢ ሰፊ ግርጌ ስላለው በጎማም ሆነ በፈረስ ፀጉር ማሰር አይሠራለትም፤ ላዩን ቆርጦ ሥሩን ይተዋል።

እስከ ዛሬ ካሉት ውስጥ ውጤቱ ተመዝግቦ የሚታየው ለሰው ነቀርሳ የሚሰጠውን መድኃኒት ዕጢው ውስጥ መውጋት ነው። በአሜሪካ ከ1995 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የቆዳ ዕጢ ያለባቸው 573 ፈረሶች ሲስፕላቲን በዘይት ተቀላቅሎ በየሁለት ሳምንቱ አራት ጊዜ ዕጢው ውስጥ ተወግተው ነበር። ከሳርኮይዶቹ 96 በመቶ ያህሉ ከአራት ዓመት በኋላም አልተመለሱም። ትልልቆቹ ግን መጀመሪያ በቢላዋ ተቀንሰው ነው መርፌው የተሰጣቸው። ፍሎሮዩራሲል የሚባለውም እንዲሁ ይወጋል፤ በአንድ ጥናት ከ13 ፈረሶች 8ቱ ድነዋል። ሁለቱም ኢትዮጵያ ውስጥ የሰው ነቀርሳ በሚታከምበት ሁሉ የሚታወቁ መድኃኒቶች ስለሆኑ የእንስሳት ሐኪሙ በማዘዣ ሊያስመጣቸው ይችላል። እዚህ ላይ ግን ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ። እነዚህ መርዞች ናቸው። የሚወጋው ሐኪሙ ነው፤ ጓንትና የዐይን መከላከያ አድርጎ። እርጉዝ ወይም የምታጠባ ሴት አጠገቡ አትቁም። ያገለገለው መርፌና ጥጥ ሜዳ ላይ አይጣልም። በእነዚያ ሳምንታት ፋንድያውን የሚጠርጉት እርስዎ ነዎት፤ ጓንት አድርገው፣ ልጆች አይደሉም።

ወንድምዎ ስለሚልከው ቅባት ስሙን ይጠይቁት፤ ቅባት ሁሉ አንድ አይደለምና። ኢሚኩዊሞድ የሚባለው 5 በመቶ ቅባት ለሰው ኪንታሮት የተሠራ ነው። የሰውነትን መከላከያ ቦታው ድረስ ይጠራል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለወራት ሲቀባ በአንዲት ትንሽ ጥናት ላይ ከታከሙት ዕጢዎች ከግማሽ በላይ ጠፍተዋል። ለአንገቱ ጠፍጣፋዎች ይሆናል። ለብብቱ ብርቱካን አይሆንም፤ ለዐይኑ ደግሞ ፈጽሞ። ቦታው ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይልጣል፤ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ዳማ እጅዎን ሲያይ ሊሸሽ ይችላል። ኢንተርኔት ላይ «ዕጢን ነቅሎ የሚጥል» እየተባለ የሚሸጠውን ጥቁር የዕፅዋት ልጥፍ ግን አይላክ። ያቃጥላል፤ የት ድረስ እንዳቃጠለ የሚያውቅ የለም።

ቁልቋልስ የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ አባቶቻችን የቁልቋል ወተት ለኪንታሮት ይቀቡ ነበርና። ነገሩ መሠረት የለውም አልልም። ዛሬ ለውሻ ዕጢ ተፈቅዶ በፈረስ ሳርኮይድም ላይ የተሞከረው ቲጊላኖል ቲግሌት የተገኘው በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ደን ከሚበቅል ዛፍ ፍሬ ነው፤ ዛፉም የቁልቋል ቤተሰብ ነው። ግን ያ ተጣርቶ፣ ተመዝኖ፣ በመርፌ የሚሰጥ ነው። ከግንዱ የሚንጠባጠበው ወተት ልክ የለውም። ዳማ ብብቱን ሲልስ አፉን፣ ፊቱን ሲያሽ ዐይኑን ያገኘዋል፤ የቁልቋል ወተት ዐይን ያጠፋል። የባትሪ አሲድና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ ሥጋ ያበላሻሉ እንጂ ዕጢ አይገድሉም። ለሕፃናት የሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ክትባትም ለዐይን አካባቢ ዕጢ እንደሚወጋ አንብበው ይሆናል። ለዐይን ቆብ ዕጢ ጥሩ ውጤት አለው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መርፌ ላይ ግን ፈረሱን በደቂቃዎች ውስጥ የሚጥል አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል፤ ብብትና እግር ላይ ደግሞ ዕጢውን ሊያባብስ ይችላል። ለዐይን ዙሪያ ከሁሉ የሚሻለው የጨረር ሕክምና ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ የፈረስ ሆስፒታሎች ይሰጡታል፤ እኛ ዘንድ ሰውም ወረፋ የሚጠብቅበት ነውና ለዳማ አይታሰብ።

«ልተወው?» ላሉት መልሱ በየዕጢው ይለያያል። አንገቱ ላይ ያሉትን ሁለት ሻካራ ቦታዎች አዎ፣ ይተዉአቸው። በስዊዘርላንድ ወጣት ፈረሶችን ለዓመታት የተከታተሉ ባለሙያዎች እንዲህ ያሉ ቀላል ሳርኮይዶች ግማሽ ያህሉ በራሳቸው ሲጠፉ አይተዋል። ዳማ ከእነዚያ ፈረሶች ዕድሜው ገፋ ያለ ስለሆነ ይጠፋሉ ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም፤ ሳይነኩ ለዓመታት ባሉበት መቆየታቸው ግን የተለመደ ነው። እንዳይፋቁ፣ እንዳይቀደዱ፣ «ልመርምር» ተብሎም ቁራጭ እንዳይወሰድባቸው። የተኛን ሳርኮይድ እንደ ብብቱ የሚያደርገው ከሁሉ በላይ ግማሽ ጉዳት ነው። ምርመራ ካስፈለገ ከተቆረጠው ከብብቱ ዕጢ ይላካል፤ መልሱ ለሁሉም ይሠራል።

የብብቱን ግን አይተዉት። ይደማል፣ ዝንብ ይጠራል፣ ጠፍር በነካው ቁጥር ይነሳሳል፤ ሲጨምር እግሩን መዘርጋት ያቅተዋል። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ከአሁን በኋላ የሚደረግበት አንድ ሙሉ ሕክምና ይሁን እንጂ ሦስተኛ ግማሽ ሕክምና አይሁን። ሳርኮይድ በከሸፈ ሙከራ ቁጥር የመዳን ዕድሉ ይቀንሳል፤ ዳማ ሁለቱን ዕድል ጨርሷል። ከየትኛውም ሐኪም ጋር ሲነጋገሩ አንድ ጥያቄ ያስቀድሙ፤ «ከቆረጡ በኋላ ቁስሉ ላይ የሚወጋው መድኃኒት እጅዎ ላይ ነው? ለሚቀጥሉት ወራትስ ተከታትለው ይወጉታል?» መልሱ «መጀመሪያ እንቁረጠው፣ መድኃኒቱን ቀስ ብለን እንፈልጋለን» ከሆነ አመስግነው ይመለሱ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲና ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምሩ ክፍሎች አሉ፤ መንገዱ ሲፈቅድ ለእርስዎ የሚቀርበው ጎንደር ነው። ከመጫንዎ በፊት ይደውሉ፣ ፎቶዎቹን ያሳዩ፣ መድኃኒቱ መኖሩን ያረጋግጡ። ዝናቡ አባርቶ ዝንቡ የሚቀንስበት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለቁስሉ ይመቻል። በዚያው ቀን የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ እንዲሰጠው ይጠይቁ፤ ፈረስ ለመንጋጋ ቆልፍ ከቤት እንስሳት ሁሉ የበለጠ ተጋላጭ ነው፣ ብዙ ባለፈረስም ዕጢውን አድኖ ፈረሱን በዚህ ያጣል።

እስከዚያው ድረስ አንድ ሊትር ውሃ አፍልተው ያቀዝቅዙ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩበት፣ በንጹሕ ጨርቅ በቀን አንድ ጊዜ ሳያሹ ይጠቡት። ሲደማ ንጹሕ ጨርቅ ይዘው አሥር ደቂቃ ሳይለቁ ይጫኑት። ፋንድያውን በየጠዋቱ ከጋጡ ያውጡ። ለከብት ጀርባ የሚፈሰውን የዝንብ መድኃኒት ባለሙያው በሚነግርዎት መጠን ይጠቀሙ፤ ቁስሉ ላይ ግን እንዳይፈስ። ትል ካዩበት ያን ቀን ባለሙያ ይጥሩ።

ጥር 23ን በተመለከተ፦ ዘንድሮ ኮርቻ አይጫንበት። ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያቆየው ቀን ነው፤ በአባት በተገዛ ፈረስ ያን ሜዳ አለመርገጥ ለባለፈረስ ቀላል አይደለም። ግን ዕጢው የበቀለው ልክ ጠፍሩ በሚያጠብቅበት ቦታ ላይ ነው። ጠፍሩን ወደ ኋላ ቢያሸሹትም ሽምጥ ሲጋልብ ተመልሶ ወደ ብብቱ ይንሸራተታል፤ በአንድ ቀን ግልቢያ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ቁስል ይከፈታል። ሕክምናው ቀድሞ ቁስሉ ከተዘጋ ዳማ ግላሱን ለብሶ፣ ያለ ኮርቻ፣ በእጅዎ ተስቦ ይውጣ። ካልተዘጋ እቤት ይዋል። በደንብ ከታከመና ስድስት ወር ምንም ካልበቀለበት የሚቀጥለውን ዓመት ጥር 23 ይጋልቡታል።

ስለ መሸጥ፣ ገዢው ካወቀና ከተቀበለ ብቻ ነው። ደብቆ መሸጥ ዳማን መጨረሻውን ወደማያውቁት እጅ መላክ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚደርሰው ጋሪ ሥር ነው። በቁሙ ለጅብ አልሰጠውም ማለትዎ ልክ ነው። ዳማ ዛሬ የሚሞት ፈረስ አይደለም፤ ሳርኮይድ ይዘው አሥርና ከዚያ በላይ ዓመት የሚኖሩ ፈረሶች አሉ። ነገር ግን ሁሉም ዕጢ አይረታም። ሙሉ ሕክምና ተደርጎለት ከተመለሰ፣ እግሩን አንስቶ መራመድ ካቃተው፣ ደሙ ካልቆመ፣ መኖ ትቶ አንገቱን ደፍቶ መዋል ከጀመረ፣ ያኔ ባለሙያ ጠርተው በማደንዘዣ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ማድረግ ከድተውታል አያሰኝም። ያን ቀን ለመወሰን እንዳይቸገሩ ከአሁኑ ከቤተሰብዎ ጋር ይነጋገሩበት።

የዐይኑን ፍሬ መጨረሻ ያደረግሁት ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሷ ስለሆነች ነው። ዛሬ ትንሽና ዝግ ናት፤ እዚያ አካባቢ ማንም ቢላዋ፣ ብረት ወይም ቅባት ይዞ አይድረስ። በየወሩ በ23 የአንድ ብር ሳንቲም አጠገቧ ይዘው ፎቶ ያንሷት፤ አንገቱ ላይ ያሉትንም እንዲሁ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ርቀት፣ ጠዋት በብርሃን። ሦስት ፎቶ ጎን ለጎን ሲያዩ እያደገች መሆኑን ዐይንዎ ይነግርዎታል። ካደገች፣ ቆዳዋ ከሳሳ ወይም የዐይኑን ቆብ መክደን ከከለከለችው፣ የብብቱን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪሙ ዘንድ ይውሰዱት።